ቀስቷ የት ሄደች?

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሶስና፤

ሰላምታዬን በሙሉ ልጫንልሽ ብል የትኛውም ኢሱዙ አይችለውም፣ ወልድያ ሳይደርስ ጎማው ይፈነዳል። ስለዚህ ግማሹን እዚሁ አስቀምጬ ግማሹን ልኬልሻለሁ፤ ቀሪውን መጥተሽ ትወስጃለሽ። አምላክ ለአንቺ ጤና፣ ለማዳምሽ ልብ፣ ለእኔ ደግሞ ማልያ ይስጥ። ማልያው በአንቺ በኩል ቢመጣ አልቀየምም። እናትሽ ደህና ናቸው። «ግንባሯንም ጉንጯንም ሳምልኝ» ብለዋል፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ወሬው። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። እኔ የአጎትሽ ልጅ ምሳው፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ያለ ሰዓቱ ደውዬ ተማሪውን በሙሉ ወደ ቤቱ በመስደዴ ከዘጠነኛ ክፍል የተባረርኩት ሰውዬ፣ መምህር ሆኛለሁ። ተማሪዬ እናትሽ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ገዛ። ታይፖቹ ተሰብስበው ግምጃ ቤት ገቡ። የእትዬ ታይፕ ስትወጣ እትዬ እንደ አስከሬን እስከ በር ሸኟት አሉ። ቀጥሎ ትእዛዝ ወጣ፤ ታይፒስት የሆነ ሁሉ እስከ ሰኔ ኮምፒውተር ይማር፣ ሰኔ ላይ ይፈተን፣ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ቦታ የለውም። የእትዬ ጡረታ ደግሞ ገና ነው። ከዚያ ወንበር ቢነሡ ሌላ የት እንደሚቀመጡ አላውቅም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጣታቸው የተማረው መምታት ብቻ ነው።

እኔ የኢድሪስ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ኢድሪስ እትዬን ስለሚያከብር ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል አንዷን ኮምፒውተር ፈቀደልን። ትምህርቱም ተጀመረ። መጀመሪያ ፊደሎቹ ቤት ለቀው ሌላ ቤት ገብተው አገኟቸው፤ «ለ»ን ከነበረችበት ሲያጧት እንደ ጎረቤት አዘኑላት። ደግሞ መስመር ሲያልቅ የድሮው ታይፕ ደወሉ ይጮህና በግራ እጅ እጀታውን መግፋት ነበር አይደል? ግራ እጃቸው እስካሁን ይገፋል። መጀመሪያ ቀን የገፉት የእኔን ጆሮ ነው። አሁን በግራቸው በኩል መቀመጥ ትቼ ኢድሪስን አስቀምጣለሁ።

ማውሱ ላይ ስንመጣ ግን ጉድ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፤ ማውሱን ስታንቀሳቅሺው አብራ ትሄዳለች። እትዬ ቀስቷን አያገኟትም። «እዚያ ጥግ ላይ ናት» እላለሁ፤ እሳቸው አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው እንደ ጠፋች ዶሮ ይፈልጓታል።

«ምሳው፣ ቀስቷ የት ሄደች?»

«ሰሃላ ቆላ ወርዳለች እትዬ፣ መኪና ስለሌለ በእግሯ ነው የምትመለሰው።»

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ሌላም ወሬ አለኝ፣ በእኔ አልወጣም። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ከእናትሽ ጠረጴዛ አይነሣም። ረቂቁን ሁሉ እሱ ነው በለሆሳስ የሚያነብላቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ሰቅለው ይመታሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሊጋቡ ነው ይላል። እኔም ሚዜ ነኝ ብዬ ተመዝግቤአለሁ።

እቤት ደግሞ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ምንም ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅም። ባለፈው ለቀልድ ያህል በርጩማዋን ከምድጃው አጠገብ ወደ በሩ ባስጠጋት እትዬ ተደናቅፈው ወደቁና እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ስለ አንዲት በርጩማ።

ማልያውን እንዳትረሺ።

ተከባሪሽ መምህር ምሳው


ቤይሩት፣ ኅዳር 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክቡር መምህር ምሳው፤

እንኳን ለዚህ ማዕረግ አበቃህ፤ ትምህርት ቤቱ ሰምቶ ደወሉን እንዳይደብቅ። አንተም እማዬም በሰላም ቆዩኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም፣ ደረጃውም፣ የማዳም እናትም ለምደውኛል።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ጆሮህን የተመታህበት ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ ማዳም ምን ሆነሽ ብላ መጣች። እናቴ ኮምፒውተር እየተማረች ነው አልኳት። ለእናቷ በአረብኛ ነገረቻት፣ አሮጊቷም ሳቀች። እኔ ሳቄን አቆምኩ። እኛ ብንስቅ ያባት ነው፣ እነሱ ሲስቁ ግን አልወደድኩትም።

ስለዚህ አደራህን፣ ሰው ፊት አታስቅባት። ያቺ ሴት በዚያ ታይፕ አሳድጋኛለች። ትንሽ ሆኜ መሥሪያ ቤት ይዛኝ ስትሄድ ከጠረጴዛዋ ሥር ተኝቼ በድምፁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እስከ ሰኔ ረጅም ጊዜ ነው፣ ቀስ ብለህ አስተምራት። ፈተናውን ካላለፈች እንደማትናገርና እንደምትታመም አውቃታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እማዬ ለምን ራሷ አትጽፍልኝም? ድሮ ደብዳቤዋ በታይፕ ተመትቶ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ልክ ከመንግሥት የተላከ መስሎ ነበር የሚመጣልኝ። አሁን ሁሉም በአንተ የዶሮ ጭረት ነው። ታይፑ ቢሄድ እስክሪብቶ የለም? ተቀየመችኝ እንዴ? የምልክላትን የምታነብላትም አንተ ነህ ብላኛለች በስልክ፤ «እሱ ሲያነበው ያስቀኛል» አለችኝ።

ፎቶዬን ልኬአለሁ። በረንዳ ላይ የቤቱን ሕፃን አቅፌ የተነሣሁት ነው። ስታየው ምን እንዳለች አንድ ቃል ሳታስቀር ጻፍልኝ። ማልያህን ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

እህትህ ሶስና


ሰቆጣ፣ ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሶስና፤

ጥምቀቱ ደርሶ ያለፈው በሰላም ነው፤ ጠበሉ አንቺም ዘንድ ይረጭ ብዬ ወደ ሰሜን በኩል አንድ እፍኝ ወርውሬልሻለሁ፣ አንዲት ሴትዮ ላይ አርፎ ተሰድቤበታለሁ። ቤይሩት በየት በኩል እንደሆነች ንገሪኝ።

ፎቶሽ ደርሷል። አንድ ቃል እንዳላስቀር ስላልሽ ይኸው። እትዬ ተቀበሉኝ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ ትክ ብለው አዩት፣ አዩት። «ወፍራለች፣ ተመስገን» አሉ። ከዚያ አፋቸው ላይ አድርገው ሳሙት። ገልብጠው ነው የያዙት። እግርሽን ሳሙሽ። «እትዬ፣ ጫማዋን ነው እኮ የሳሟት» ብላቸው ፈገግ ብለው ፎቶውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሕፃኑን አላነሡትም፤ የማን ነው እንኳ አላሉም። በቅናት ነው ብያለሁ።

ትምህርቱ እየገፋ ነው። ጣታቸው የፊደሎቹን አዲስ ቤት ለመደ፣ አሁን እኔን ይበልጡኛል። ቀስቷ ግን እስካሁን ሰሃላ ናት።

ከተማው ደግሞ እናትሽ ኮሩ ብሎ ያማል። ኮምፒውተር ከነኩ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላምታ የለም። የገበያ ቀን የቀበሌያችንን ሴቶች በሙሉ እንደ አጥር አልፈዋቸው ሄዱ። እኔም «እትዬ አሁን ሴክሬታሪ ናቸው፣ ቀጠሮ ይያዙ» እያልኩ አባብሳለሁ። ከሰው ይልቅ የሚያከብሩት ልብስ ነው። ባለፈው ኢድሪስ ካፖርቱን በር ላይ ሰቅሎ ለሶላት ሄዷል። እትዬ ገቡና ለካፖርቱ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋልክ ኢድሪስ፣ ሸምሲያስ እንዴት ናት?» ብለው ስለ ሚስቱ ጠየቁት። እኔ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ሆኜ በኢድሪስ ድምፅ «ሸምሲያ ደህና ናት፣ ምሳው ግን ከስቷል ብላለች፣ ያዝኑለት» አልኩ። የዚያን ቀን ሽሮዬ ላይ ቅቤው ተንሳፈፈ። እስካሁን አልነቁብኝም።

ማልያው ከዘገየ በካፖርቱ እቀይረዋለሁ።

ምሳው


ቤይሩት፣ የካቲት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ምሳው፤

በሰላም ያግኝህ። በዚህኛው አልሳቅኩም።

አያታችንን ጣይቱን አታስታውሳትም፣ አንተ ገና አልተወለድክም ነበር። ክረምቱን የምከርመው ፃግብጂ ገጠር እሷ ዘንድ ነበር። አንድ ጊዜ የገብስ ሰፌዷን ለጨዋታ አንሥቼ ሌላ ጥግ አደረግሁባት። ያን ቀን እንደተቆጣችኝ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ዕቃ ከቦታው እንዲነሣ አትወድም ነበር። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም አትልም ነበር፣ ኮራች ይሏት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ በግድግዳ እየተመራች ወጥታ በእጇ ፊቴን ዳሰሰች።

ምን እንደምልህ ገብቶሃል? እኔ ተሳስቼ እንዲሆን ስእለት ገብቻለሁ። እማዬ ከመሸ ትወጣለች ወይ? መርፌ ራሷ ታጠልቃለች ወይ? እየው፣ ግን እንዳታውቅብህ። እስከዚያው አንድም ቀልድ እንዳትቀልድባት። እባክህ።

ሶስና


ሰቆጣ፣ መጋቢት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሶስና፤

ሰላምታው እንደ ወትሮው ነው፣ ዛሬ የማሳምርበት ጉልበት የለኝም። ከጥር ወዲህ የጻፍሽው ካለ ገና አልደረሰኝም። መልስ ሳልጠብቅ የምጽፈው ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ እኔና እትዬ ብቻ ነበርን። እኔ ከአሮጌ ማመልከቻ አነባለሁ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይመታሉ። ስህተት የለም፣ መቆም የለም። ተንኮሌ መጣ። ስክሪኑን ላጥፋና የጻፉት ሁሉ ጠፋ ብዬ ላስደንግጣቸው አልኩ። ቁልፉን ተጫንኩት። ጠጭ አለና ጠቆረ።

«ምንድነው?» አሉኝ።

ወንበሩ ነው አልኩ። እሺ ብለው ቀጠሉ። እኔ ሳቄን በመዳፌ አፍኜ አነባለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ። አሁን ያዩታል፣ አሁን ይጮኻሉ እያልኩ እጠብቃለሁ። ገጹ ሲያልቅ አንገታቸውን ቀና አድርገው ስክሪኑን ፊት ለፊት አዩት። ጥቁር ነው፣ የራሳቸው ፊት ብቻ ነው ያለበት። ትክ ብለው አዩትና ፈገግ አሉ።

«አሁንስ አማረ፣ አይደለም?»

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ቀስ ብዬ አበራሁት። ገጹ ሙሉ ነው፣ አንድ ፊደል አልተሳሳቱም። አንብብልኝ አሉ፣ አነበብኩላቸው። ስጨርስ እጃቸውን ከኪቦርዱ አላነሡም።

«ጠፍቶ ነበር?»

ማመልከቻውን አጥፌ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኽምጣኛ ተናገሩኝ። ቤታችን ውስጥ ኽምጣኛ የሚወጣው ሰው ሲሞት ወይ ሲታመም እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ለሶስና እንዳትጽፍ» ነው ያሉኝ። ካስተማሩኝ ነገር አንዱንም ሰምቻቸው አላውቅምና ይኸው ጻፍኩ።

ፎቶውን አስቢው። በርጩማዋን አስቢያት። ካፖርቱን ግን አታስቢው።

ማልያውን ተዪው እታለም።

ምሳው


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሳው ወንድሜ፤

ለአንተም ለእሷም ብርታቱን ይስጥልኝ። የካቲት ላይ የጻፍኩልህ ደርሶህ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የአንተን ያነበብኩት ልብስ እያሰጣሁ ነው፣ ከዚያ ምን እንዳሰጣሁ አላውቅም።

ራስህን አትርገም። አንተ ቀልደህ ባትጽፍልኝ አላውቅም ነበር። ከአጠገቧ ያለ ሰው ሁሉ አይቶ ያላየውን አንተ ጽፈህ ልከህልኛል፣ ባታውቀውም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ፋኢዛ ናት፣ የባለ ጨርቅ ሱቁ ልጅ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ መመለሷ ነው። ለእማዬ መነጽር ልኬላታለሁ። ሳይለካ የተገዛ መነጽር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ ፋኢዛን ባዶ እጇን መላክ አቅቶኝ ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ እንቢ ካለች ራስህን አመመኝ ብለህ ውሰዳት፣ አንተ ይህን ታውቅበታለህ።

ስለ ፈተናው ደግሞ አስቤበታለሁ። ቀስቷን ተዋት። እማዬ መቼ በዓይኗ መትታ ታውቃለች? ያለ ቀስት የሚሠራበት መንገድ ከሌለው ኮምፒውተር ተብሎ ምን ሊረባ ነው። ፈልግላት።

እኔም እመጣለሁ። ኮንትራቴ ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ ለመስከረም እዚያው ነኝ። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ታየኛለች። ይህን በደንብ አድርገህ አንብብላት።

ሶስና


ሰቆጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሶስና፤

ሰላምታዬ ደህና ነው፣ ቆሞ ይሄዳል። የአንቺም እንደዚያው ይሁን።

ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ እትዬ ደግፈውኝ ሐኪም ቤት አደረሱኝ፤ በር ላይ ተነሥቼ እሳቸውን አስገባኋቸው። ለዘመቻ የመጣ የዓይን ሐኪም ነበር። በብርሃን ሲመረምር ቆየና ከዓይን ኋላ ያለው ጅማት ደርቋል አለ። ግላኮማ ይባላል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ትንሽ ጥላ ነው፣ እሱም እየሄደ ነው። ጠብታ ሰጣቸው። መቼ ነው የጀመረዎት ሲላቸው «አላስታውስም» አሉት። እትዬ የማያስታውሱት ነገር እንደሌለ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጋሼ ወልደ ሐዋርያትም ለካስ ያውቅ ነበር። ረቂቅ የሚያነብላቸው ለዚህ ነው። «ሚዜነቴ ቀረ በለኛ» ብዬ ጋሼን ራሱ ልቀልድበት አልኩና አፌ ላይ ደረቀ።

አሁን ትምህርቱን ስሚ። ማውሱን ነቅዬ ኢድሪስ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁሉም ነገር በጣት ይሆናል ለካ፤ እኔ ነኝ ሳላውቅ ሳስተምር የኖርኩት። ፋይል መክፈቻው፣ ማስቀመጫው፣ ማተሚያው ሁሉ የራሱ ቁልፎች አሉት። ኢድሪስ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ እየፈለገ ይነግረኛል፣ እኔ ለእትዬ፣ እሳቸው እንደ ዳዊት በቃላቸው ይይዙታል። ጣታቸው እንዳይስት ቁልፎቹ ላይ ግማሽ ግማሽ የምስር ክክ በሙጫ ለጠፍኩ። አይጥ አንድ ጊዜ የኮንትሮል ቁልፏን ምስር በልታብናለች። ኢድሪስ ተበላሽቶ የተጣለ ኪቦርድም ሰጠን፤ እቤት ጭናቸው ላይ አድርገው ይለማመዳሉ። ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ። ምን እየጻፉ ነው ስላቸው ለአንቺ ነው ይላሉ።

መነጽርሽን ከፊታቸው አይነጥሉትም። ያያሉ እንዴ አልኳቸው። «አላይም፣ ግን ሰው የማይ ይመስለዋል» አሉ። ለመስከረም ትመጣለች ብዬ ያነበብኩላቸው ቀን ኪቦርዱን ሲመቱ እስኪነጋጋ ሰማኋቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ፈተናው ላይ ረቂቅ በወረቀት ይሰጣል፣ የሚያነብላቸው ሰው አይገባም። ምን ሊያደርጉ ነው ስላቸው «እሱን ለእኔ ተወው» አሉኝ።

ምንም እንዳትልኪ። ራስሽን ይዘሽ ነይ።

ምሳው


ቤይሩት፣ ሰኔ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምሳው፤

ደህና ሁኑልኝ። ይህ ለአንተ ብቻ ነው።

ማዳም ኮንትራቴን ሳትጠይቀኝ አሳድሳዋለች። ፓስፖርቴ እሷ ዘንድ ነው። እናቴ ታማለች አልኳት፤ «ገንዘብ ላኪላት፣ አንቺ ሐኪም አይደለሽም» አለችኝ። ለመስከረም አልመጣም። መቼ እንደምመጣ አላውቅም።

ፈተናው ሳያልፍ ይህን ብትሰማ እጇ ይከዳታል። ስለዚህ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ለእሷ ሌላ ጽፌአለሁ፤ ለመስከረም እንደምመጣ፣ ሻንጣ እንደገዛሁ። እሱን እንዳለ አንብብላት። ይቅር በለኝ፣ የሚዋሽ ሰው ሲያስፈልገኝ የማውቀው አንተን ነው።

ሶስና


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሶስና፤

እንዳልሽኝ አነበብኩላቸው። ሻንጣው ቀለሙ ምንድነው አሉኝ፣ አልጻፈችም አልኩ።

ፈተናው አልፏል። እንዴት እንዳለፈ እኔም እስካሁን አልገባኝም፣ እንዳየሁት ልጻፍልሽ።

ጠዋት እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ መነጽርሽን አድርገው፣ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ሁሉ እኔ ስሙን እያንሾካሾክኩላቸው ሰላም እያሉ ሄዱ። ከተማው ኩራታቸው ለቀቃቸው አለ። ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ከደጅ በመስኮቱ ሥር አስጠጋኝ። ፈታኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ረቂቁን የሰጣቸው እሱ ነው። እትዬ ተቀብለው አመሰገኑ፣ በግራቸው በኩል አስተካክለው አስቀመጡ፣ አንዴ ጎንበስ ብለው ያዩት መሰሉ። ከዚያ ጀመሩ።

እታለም፣ የድሮውን ታይፕ ድምፅ አስታውሺው። ሌሎቹ ጠቅ፣ ጠቅ ሲሉ የእሳቸው እንደ ክረምት ዝናብ ነበር። ከሁሉ ቀድመው ጨረሱ። ፋይሉን አስቀመጡ፣ አተሙ። ማውሱን አልነኩትም። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ በድምፁ አውቀው ተነሡ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ እየተመሩ ሄደው በእጃቸው አወጡትና ለልጁ ሰጡት።

ልጁ ያነብባል፣ ረቂቁን ያያል፣ እንደገና ያነብባል። ከረቂቁ አንድ ቃል የለበትም። የጻፉት ራሳቸው ያወጡትን ነው። ጋሼ ወልደ ሐዋርያት በኋላ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ አሳየኝና እኔም በቃሌ ያዝኩት፤

«ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመልቀቅ። የተሰጠኝን ረቂቅ ማንበብ አልችልም፣ ዓይኔ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ይህን የጻፍኩት፣ ያስቀመጥኩትና ያተምኩት ግን ራሴ ነኝ፣ በአጠገቤ የረዳኝ ሰው የለም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ረቂቅ ሲያነቡልኝ የኖሩት ስለለመንኳቸው ነውና እንዳይጠየቁበት እለምናለሁ።»

ልጁ ወንበሩን ስቦ ተነሣ። ወደቁም አላላቸውም፣ አለፉም አላላቸውም። ሌሎቹ መምታታቸውን አቆሙ። እትዬ ብቻ «ጎድሎት ከሆነ ልድገመው» አሉ። የጎደለው ነገር የለም አላቸው።

እንግዲህ በጤና ምክንያት ተብሎ ጡረታ ይወጣላቸዋል። እኔ ደጅ ስቀበላቸው ለቅሶዬ ቀድሞኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ጆሮዬን ፈልገው አግኝተው በግራ እጃቸው መቱኝና «ቀስቷን ሳልነካ ወጣሁ» አሉኝ።

ቀጥሎ ያለው ከእሳቸው ነው። መጻፍ ሲጀምሩ ከአጠገቤ ተነሣ ብለውኛል።

ምሳው


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፤

አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ የያዘሽንም ሰው ያለዝብልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ኢድሪስ ሱቅ ነው፣ ስክሪኑን አጥፉልኝ ብዬ። ለሚያይ ሰው ነው መብራቱ፣ በከንቱ ለምን ይቃጠላል።

ስላልጻፍኩልሽ ተቀይመሻል ብሎኛል ምሳው። ታይፑ ቢኖር በጣቴ እጽፍልሽ ነበር። በእስክሪብቶ ብጽፍ መስመሩ ተጣሞ ታውቂ ነበር። ስለዚህ ነው።

ፎቶሽን ገልብጬ ስሜዋለሁ። አውቄ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ግን ምሳው ጫማዋን ነው የሳሟት ሲለኝ ደስ አለኝ፤ የሚያመጣሽ እግርሽ ነውና።

ለመስከረም እንደማትመጪ አውቃለሁ። ልጁን አትቆጪው፣ የነገርሽውን አላወጣም። እሱ ያንቺን ደብዳቤ ሲያነብልኝ ከራሱ የማይጨምርበት ቀን የለም፤ ማዳምሽን ዝንጀሮ ያደርጋታል፣ አንቺን ያሰድበኛል፣ ያስቀኛል። ያን የሻንጣውን ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀልድ ሳይጨምር አነበበው። እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም የደበቀ መስሎት ደስ አለው።

ሐኪሙ መቼ ጀመረዎት ሲለኝ አላስታውስም ያልኩትም ውሸት ነው። አንቺ የሄድሽ ቀን፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ፣ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ያየሁት ሻሽሽን ነው። ቢጫ ነበር። ፊትሽ አልታየኝም። ያን ጊዜ ብነግርሽ ከአውቶቡሱ ትወርጂ ነበር። እዚህ ደግሞ የሚጠብቅሽ ነገር አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

አሁን ጥላውም ሄዷል። የገበያ ቀን ኢድሪስ ዘንድ እየመጣሁ ለገበሬው ማመልከቻ እመታለሁ፣ ምሳው ያነብላቸዋል። አንዳንዴ ከራሱ ይጨምርበታል፣ እየሰማሁ እቆጣዋለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። መምጣትሽ በዓመትም ይሁን ከዚያም በኋላ፣ ሳትናገሪ ገብተሽ ላስደንቃት ብለሽ ከፊቴ እንዳትቆሚ። በር ላይ የቆመ ሁሉ ለእኔ ካፖርት ነው። ስትመጪ ከደጅ ጀምረሽ አውሪ።

እናትሽ ጥሩሐረግ